መኪናችሁ በኪሎ ሜትር ስንት ብር ትበላለች? ከከተማ ዳር ለምንኖር የሒሳብ መመሪያ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ። ወይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶን፣ ወይ ኪራይ ሸሽተን የገባንባቸው ሰፈሮች ናቸው። ኪራዩ ይቀንሳል፣ መንገዱ ይረዝማል። የታክሲ ሰልፉ ሲያንገሸግሽ "መኪና ልግዛ" የሚለው ሐሳብ ይመጣል። ያላቸው ሰዎች ደግሞ "ከገዛህ በኋላ እኮ ነዳጅ ብቻ ነው" ይላሉ።

ነዳጅ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ነዳጁ ከጠቅላላው ወጪ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሌላውን ግማሽ ከተደበቀበት የሚያወጣ ነው። መኪና ላለውም፣ ሊገዛ ላሰበውም ይሆናል። ደብተር፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተርና የአንድ ወር ትዕግሥት ይበቃል።

የምንፈልገው አንድ ቁጥር ነው። መኪናዋ አንድ ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሁሉም ነገር ተደምሮ ስንት ብር ታስወጣለች? በምሳሌዬ የገቡት ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው። እናንተ የራሳችሁን ተኩባቸው።

1. ኪሎ ሜትሩን ያዙ

የወሩ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የኪሎ ሜትር ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት። ወሩ ሲያልቅ ድገሙ። ልዩነቱ የወሩ ጉዞ ነው።

መኪና ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ከቤት እስከ ሥራ ያለውን ርቀት በስልካችሁ ካርታ ለኩ። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከሰበታ መሀል ከተማ ደርሶ መልስ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በወር 24 የሥራ ቀን ብንይዝ 1,200 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ላይ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ልጆችን ማድረስ፣ የእሑድ ዘመድ ጥየቃ አለ። መኪና ያለው ሰው ደግሞ ሁሉም ሰው ያስታውሰዋል። ለዚህ ሁሉ 200 ጨምሩበት። በወር 1,400፣ በዓመት 16,800 ኪሎ ሜትር መጣ። ምሳሌያችን ይህ ነው።

2. ነዳጁን ከታንከር እስከ ታንከር ለኩ

"የኔ መኪና በሊትር 18 ትሄዳለች" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ እንዴት እንደለካው ጠይቁት። አብዛኛው ከሻጩ የሰማውን ነው የሚደግመው። ትክክለኛው አለካክ ቀላል ነው።

ማደያ ገብታችሁ ታንከሩን ሙሉ አስሞሉ። የኪሎ ሜትር ቁጥሩን ጻፉ። እንደ ወትሮው ንዱ። በሚቀጥለው ጊዜ፣ ቢቻል በዚያው ማደያ፣ እንደገና ሙሉ አስሞሉና ስንት ሊትር እንደገባ ጻፉ። የተጓዛችሁትን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር አካፍሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ስለሆነ የብሩ ታሪክ ስልካችሁ ላይ አለ። ሊትሩን ብቻ እናንተ መዝግቡ።

ውጤቱ ካሰባችሁት በታች ቢሆን አትደንግጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ተርቦ (አየር በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ለመጮህ ይገደዳል። ሱሉልታ የሚኖር ሰው ደግሞ በየቀኑ እንጦጦን ይሻገራል። ወደ ላይ ነዳጅ ይበላል፤ ወደ ታች ፍሬን ይበላል። ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጦ ከመውረድ በከባድ ማርሽ መያዝ የፍሬን ሸራ ዕድሜ ያራዝማል። ማርሽ ፈትቶ መውረድን ግን እርሱት። በኢንጀክሽን ሞተር ላይ ነዳጅም አያተርፍም፤ አደጋውም ትልቅ ነው። መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ሆና ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሩ ነዳጁን ራሱ ይቆርጠዋል።

በምሳሌያችን መኪናዋ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። ቤንዚን 120 ብር ብንይዘው በኪሎ ሜትር 10 ብር፣ በወር 14,000 ብር ነው። ማደያው ላይ ያለው ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ይህን አንድ ሒሳብ ብቻ አስተካክሉ። ማደያ ሲደርቅ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የምትገዙት ቤንዚን ካለ፣ በከፈላችሁበት ዋጋ ጻፉት። ውኃ ወይም ሌላ ነገር ተቀላቅሎበት ያመጣውን የጋራዥ ወጪም ከጎኑ አስፍሩ።

3. የሰፈሩን መንገድ በጎማ ዋጋ ቀይሩት

ከከተማ ዳር የሚኖር ሰው ከቦሌው ሰው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዋናው አስፋልት ጥሩ ሊሆን ይችላል። ከአስፋልቱ እስከ በራችሁ ያለችው ሁለት ኪሎ ሜትር ግን በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃና ውኃ የሞላው ጉድጓድ ናት። ኮብልስቶንም ቢሆን ሲነቃቀል ከጥርጊያ መንገድ አይሻልም። የመኪናዋን እግር የምትጨርሰው ያቺ አጭር መንገድ ናት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አራት ጎማ በ40,000 ብር ገዝታችሁ 40,000 ኪሎ ሜትር ብትነዱበት በኪሎ ሜትር 1 ብር ነው። ያው ጎማ በሰፈሩ ድንጋይ ምክንያት በ25,000 ኪሎ ሜትር ቢያልቅ 1 ብር ከ60 ሆነ። ከከተማ ዳር ለምንኖር ሁለተኛውን ያዙ።

ይህን ቁጥር የምታወርዱባቸው መንገዶች አሉ። ሁሉም ርካሽ ናቸው።

የጎማ ነፋስ በየሁለት ሳምንቱ ይለካ። ልኩ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ። ጎሚስታው "በዓይኔ አውቀዋለሁ" ቢል አትመኑት፤ ጎማው ሳይሞቅ በመለኪያ ያስለኩ። ነፋስ ያነሰው ጎማ ከዳር ከዳሩ ያልቃል፤ ነዳጅም ይጨምራል። ነፋስ የበዛበት ከመሀል ያልቃል።

ክረምቱ ሲወጣ፣ መስቀል አካባቢ፣ አላይመንትና ባላንስ (የጎማዎቹን አቅጣጫና ሚዛን ማስተካከል) አስደርጉ። ሦስት ወር ሙሉ ጉድጓድ የጠጣ መሪ ቀጥ ብሎ አይቀርም። የጎማው አንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። በዚያው አሞርዛተሩ (የመንገዱን ንጠት የሚውጠው) እና ጎሚኒው (የመኪናዋ እግር ላስቲኮች) ይታይ። የሞተ አሞርዛተር ጎማውን እንደ ማበጠሪያ እየሸራረፈ ይጨርሰዋል። ያኔ ሁለቱንም ትቀይራላችሁ።

አዲስ ጎማ ስትገዙ ጎኑን አንብቡ። "ዶት" በሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። መደብር ውስጥ አምስት ዓመት የተኛ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ አርጅቷል። በአዲስ ዋጋ አትግዙት።

አቧራው ሌላ የሚያስከፍለው ነገር የአየር ፊልትሮ ነው። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ከሚለው ጊዜ ቀድሞ ይታፈናል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር አውጥታችሁ እዩት። ፊልትሮ ርካሽ ነው፤ አቧራ የገባበት ፒስተን ግን ሞተር ያስወርዳል።

4. ጋራዥ፦ የታወቀውና ያልታወቀው

ወጪውን ሁለት ቦታ ክፈሉት። የታወቀው ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ባትሪ ነው። መቼ እንደሚመጣ ይታወቃል። ተራ ዘይት በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። በምሳሌያችን ፍጥነት በሦስት ወር ተኩል አንዴ ማለት ነው። አንዱ ቅያሪ ከነፊልትሮው 6,000 ብር ቢሆን በኪሎ ሜትር 1 ብር ከ20 ነው። ባትሪ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ነው የሚቆየው። የድሮ ኮሮላ ከሆነች የታይሚንግ ቺንጋዋን ጠይቁ። ሻጩ መቼ እንደተቀየረ ካላወቀ፣ አልተቀየረም ብላችሁ ያዙ። ቺንጋ በጉዞ ላይ ከተበጠሰ በአንዳንድ ሞተር ላይ ቫልቩን አጣሞ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ያስወርዳል። እንደ ቪትዝ ያሉት ብዙዎቹ በሰንሰለት ስለሚሠሩ ይህ ጭንቀት የለባቸውም።

ያልታወቀው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ራዲያተር፣ ዲናሞ፣ ወይም አይጥ የበላው ሽቦ ነው። የአይጡን የቀልድ አታድርጉት። ከእርሻ አጠገብ በተሠሩ ሰፈሮች ከመከር በኋላ አይጥ ሙቅ ኮፈን ሥር መግባት ይወዳል። ለዚህ ሁሉ በየወሩ የሚቀመጥ ገንዘብ ያስፈልጋል። በምሳሌያችን 3,000 ብር እንያዝ፤ በኪሎ ሜትር ወደ 2 ብር ከ10 ነው። መኪናዋ ከ15 ዓመት በላይ ከሆነች ከፍ አድርጉት።

የዕቃ ዋጋ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ የ2015 ደረሰኝ ይዛችሁ የዘንድሮን በጀት አትሥሩ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የተበላሸውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ኦሪጅናሉንም፣ ታይዋኑንም፣ ከተፈታታ መኪና የወጣውንም ዋጋ ጠይቁ። ካልገጠመ እንደሚመለስ ተስማሙና ደረሰኝ ተቀበሉ። ለፍሬንና ለመሪ ግን አሮጌ ዕቃ አትግዙ፤ በዚህ ድርድር የለም። መካኒኩ ራሱ ዕቃ ገዝቶ ሲያመጣ የእጅ ዋጋውና የዕቃው ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ።

5. ወረቀቶቹ

ሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው። ዓመታዊ ምርመራውና ቦሎው ተከትሎ ይመጣል። ቦሎ ከማሳደሳችሁ በፊት መብራት፣ ፍሬን፣ ጎማና ጭስ አስተካክሉ፤ ወድቆ መመላለስ ከጥገናው በላይ ቀን ይበላል።

ሙሉ ዋስትና ካላችሁ አንድ ነገር አጥብቃችሁ እዩ። ውሉ ላይ የተጻፈው የመኪናዋ ዋጋ የስንት ዓመት ነው? መኪናዋ ዛሬ 2 ሚሊዮን ብር እያወጣች በ1 ሚሊዮን ከተመዘገበች፣ አረቦኑ አንሶ ደስ ይላል። ስትጋጭ ግን ዋጋዋን አሳንሳችሁ አስመዝግባችኋል ተብሎ የጉዳቱ ግማሽ ብቻ ሊከፈላችሁ ይችላል። ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ በዚህ የተጎዳው ብዙ ነው። በየዓመቱ ስታድሱ ዋጋውን አስተካክሉ። በእያንዳንዱ ጉዳት ከራሳችሁ የምትከፍሉት መነሻ ስንት እንደሆነ፣ በአሮጌ መኪና ላይ አዲስ ዕቃ ሲገባ ስንት በመቶ እንደሚቀነስም ጠይቁ።

ሁሉንም ወረቀት በዓመት 45,000 ብር ብንይዝ በኪሎ ሜትር 2 ብር ከ70 ገደማ ነው።

6. እርጅናውን ቁጠሩ

እዚህ ላይ ከሰው ጋር ክርክር ይነሣል። "እኔ በ900 ሺህ ገዝቼ ዛሬ 1.6 ሚሊዮን እያሉኝ ነው፤ መኪና እኮ ያተርፋል" ይባላል። ዋጋው በብር መጨመሩ እውነት ነው። ምንዛሬው አለ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወድዶታል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው መኪና ተፈላጊ ሆኖ ቀረ። ታዲያ በ1.6 ሚሊዮኑ ምን ትገዛላችሁ? ያንኑ ያረጀ መኪና።

የእርጅናውን ልክ የብር መውደቅ በማያሳስተው መንገድ ማውጣት ይቻላል። ገበያ ውጡ ወይም ደላላ ጠይቁ። የእናንተ መኪና ዛሬ ስንት ታወጣለች? ከእናንተዋ በአምስት ዓመት የምታረጅ፣ ያው ዓይነት መኪና ዛሬ ስንት ታወጣለች? የሁለቱን ልዩነት ለ5 አካፍሉ። ሁለቱም የዛሬ ዋጋ ስለሆኑ ምንዛሬው ከሒሳቡ ወጣ። የቀረው ንጹሕ እርጅና ነው። ልዩነቱ 400,000 ብር ቢሆን በዓመት 80,000፣ በኪሎ ሜትር 4 ብር ከ80 ገደማ ነው። ከኪስ በየቀኑ ስለማይወጣ ነው የማይታየው።

7. ሽርፍራፊው

ፓርኪንግ፣ ላቫጆ፣ ለጥበቃ የሚሰጥ ጉርሻ፣ ጎሚስታ፣ የትራፊክ ቅጣት፣ በፈጣን መንገዱ ለምትመጡ የክፍያው ቲኬት። ለአንድ ወር ሳትንቁ ጻፉ። 1,500 ብር ከሆነ በኪሎ ሜትር 1 ብር ከ10 አካባቢ ነው።

8. ደምሩና አወዳድሩ

ነዳጅ 10፣ ጎማ 1.60፣ ዘይት 1.20፣ ያልታወቀ ጥገና 2.10፣ ወረቀት 2.70፣ እርጅና 4.80፣ ሽርፍራፊ 1.10። ድምሩ 23 ብር ከ50 ነው። በወር 32,900 ብር። ነዳጁ ከዚህ 14,000ው ብቻ ነበር።

አሁን ይህን ይዛችሁ ጠይቁ። የ50 ኪሎ ሜትሩ የሥራ ጉዞ በቀን 1,175 ብር ነው። የሰፈሩ ሰዎች ተዋጥተው የሚይዙት የወር ሰርቪስ ስንት ነው? ጠዋት በሰርቪስ ሄዳችሁ ለለቅሶና ለሐኪም ቤት ብቻ ራይድ ብትጠሩስ? ጉዞው አጭር ለሆነ፣ ወይም ቤተሰቡ ትንሽ ለሆነ ሰው መኪና አለመግዛት ብዙ ጊዜ ያዋጣል ባይ ነኝ። ሦስት ልጅ በሁለት ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ቤተሰብ ደግሞ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ አንድ ኪሎ ሜትር አምስት ሰው ይጭናልና። ሁለት ጎረቤት አሳፍራችሁ የነዳጁን ቢጋሩም የእያንዳንዱ ድርሻ ወዲያው ይወርዳል። ስምምነቱ ግን በወር ይሁን። በየቀኑ ሳንቲም መቀባበል ጉርብትናን ያቀዘቅዛል።

መኪናውን በመተው እንጂ በማቆም ብቻ ብዙ እንደማታተርፉም አስተውሉ። ግቢ ውስጥ ቆማ ብትውልም ወረቀቱና እርጅናው ይቆጥራሉ። ባትሪውም ይደክማል።

ኤሌክትሪክ ለምታስቡ

አሠራሩ አይለወጥም። ነዳጁ በመብራት ይተካል። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ትበላለች፤ ሲሞላ የሚባክነውን ጨምራችሁ ወደ 17 ያዙ። በ1,400 ኪሎ ሜትር 240 ገደማ ነው። ይህ በቤታችሁ ፍጆታ ላይ ሲደመር ታሪፉ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ታሪፉ ራሱም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየጊዜው እያደገ ነው። ያም ሆኖ ከቤንዚን ጋር አይወዳደርም፤ በጣም ይረክሳል። የዘይት ቅያሪም የለም።

የሚያስቸግረው ሌላው ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቆጣሪ ያለው ሰው መሬት ላይ ለቆመች መኪና ገመድ እንዴት ያወርዳል? ከመግዛታችሁ በፊት ከኮሚቴው ጋር ተነጋገሩ፤ ሽቦውንም ባለሙያ ይየው። መብራት በየስንት ቀኑ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚጠፋ የሰፈራችሁን ታውቃላችሁ። የባትሪው ዋስትና ወረቀት ካለ፣ እዚህ አገር ማን እንደሚፈጽመው በጽሑፍ ጠይቁ። ያገለገለች ከሆነች የባትሪውን ጤና በመሣሪያ አስነብቡ። የኤሌክትሪክ መኪና ከባድ ስለሆነች ጎማ ቶሎ ትጨርሳለች፤ የሦስተኛውን ደረጃ ቁጥር ከፍ አድርጉ።

9. ገንዘቡን ከደመወዝ ለዩት

ከነዳጅና ከሽርፍራፊው ሌላ ያለው ሁሉ በየወሩ አይጠየቅም፤ ሲመጣ ግን በአንድ ቀን ይመጣል። ኢንሹራንሱ፣ ቦሎውና የልጆች መመዝገቢያ መስከረም ላይ ሲገጣጠሙ ያኔ ብድር ነው። ስለዚህ የጎማ፣ የዘይት፣ የጥገናና የወረቀቱን ድምር፣ በምሳሌያችን 7 ብር ከ60፣ በወሩ ኪሎ ሜትር አባዙት። 10,640 ብር ይሆናል። ደመወዝ በገባ ቀን ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ አስቀምጡት። ካርድ አታውጡለት።

ዕቁብ ይሻላል የሚል አለ። ለጎማ ጥሩ ነው፤ መቼ እንደሚያልቅ ይታወቃል። ለካምቢዮ ግን አይሆንም። ካምቢዮ የናንተ ዕጣ እስኪወጣ አይጠብቅም።

እርጅናውን መቆጠብ የቻለ ይቆጥብ። ያልቻለ ቢያንስ ቁጥሩን ይወቀው፤ የመሸጫው ጊዜ የሚታወቀው በሱ ነው። የአንድ ዓመት የጥገና ደረሰኝ ድምር ከዓመቱ እርጅና በልጦ ሁለት ዓመት ከተከታተለ መኪናዋን መሸጥ አስቡ። ስትሸጡ ደግሞ ቅጣት ካለ አጥሩ፣ ሊብሬውን አዘጋጁ፣ ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርባችሁ ፈርሙ። ስሙ ሳይዞር ቁልፍ አታስረክቡ። ገዢው "በውክልና ይሁንልኝ" ቢል ደላላው የፈለገውን ይበል፣ እምቢ በሉ። መኪናዋ በስማችሁ እስካለች ድረስ የምታመጣው ክስና ቅጣት የሚፈልገው እናንተን ነው።